የእማ ማርና የአያ ይርሳው በቅሎ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሥርጉት፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? እማስ እንዴት ናት? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ቀፎው ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናንተ ናፍቆትና ከዚህ ከማይነቃነቅ ኪሎዬ በቀር የጎደለብኝ የለም። ደብዳቤሽንና፣ እንደ ታኅሣሡ ሁሉ፣ ማሩን አያ ይርሳው ቡሬ ገበያ ላይ ለሚኒባሱ ሾፌር ሰጥተውልኝ ትናንት በሰላም ደረሰኝ። ማሰሮው አልተሰነጠቀም፤ እማ በቅጠል ከድና በጭቃ የመረገችው እንዳለ ነው። እጇን ሳሚልኝ።

«ለጥምቀት እመጣለሁ ብለሽ ለምን ዋሸሽን?» ላልሽው፣ አልዋሸሁም። ያን ጊዜ ስጽፍልሽ ኪሎው በየሳምንቱ ይወርድ ነበር። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራዬን ቆርጠው ሲያሳንሱልኝ መቶ አርባ ሁለት ነበርኩ። መስቀል ላይ መቶ ሃያ አምስት ሆንኩ። ገና ሳይገባ መቶ አራት። እንዲህ ከሆነማ ለጥምቀት ዘጠና አምስት ነኝ ብዬ ቀሚስ ሁሉ አስጠበብኩ። ከዚያ ቆመ። በቃ ቆመ። ዛሬ ጥር አሥራ አራት ነው፣ አሁንም መቶ አራት ነኝ።

«አሁንም በዚያች በበቅሎዋ ነገር ነው ወይ?» ብለሽ መጠየቅሽ ግን ከፋኝ። አዎ፣ በበቅሎዋ ነገር ነው! አንቺ ከታች ከበሩ ላይ ቆመሽ ስለነበር አላየሽም። የአባባ ተዝካር ካለቀ በኋላ ሽቅቡን ስወጣ ያቺ ዳማ የአያ ይርሳው በቅሎ እመንገዱ ወገብ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች። አልነሳም አለች። ጉልበቷ ተልጦ ደሟ ሲወርድ እያየሁ እኔ ኮርቻው ላይ እንደ ተጣለ ጆንያ ቁጭ ብያለሁ። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ በቃሬዛ አወጣኝ። ከኋላ የያዘው ጎረምሳ ለጓደኛው ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? «ሬሳ ይሻላል፣ ሬሳ ቢያንስ ቀስ በሉ አይልም።» ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመቴ፣ እናቴን አላየኋትም። እሷ መውጣት አትችል፣ እኔ መውረድ አልችል። ወርጄስ ማን ያወጣኛል?

አያ ይርሳው ያሉትን ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ፤ «ከኩንታል በላይ በቅሎዬ ላይ አላወጣም።» ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። አራት ኪሎ ነው የቀረኝ! እነዚህን አራት ኪሎ ግን ምን እንደነካቸው እንጃ። በየጠዋቱ ሱቄን ሳልከፍት ከጎረቤቴ ከገነነ የበርበሬ መጋዘን እገባና ጆንያ የሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ገነነ ገና ሲያየኝ «ዛሬም አራት ነሽ?» ይለኛል። የሐኪም ትእዛዝ ነው ብዬዋለሁ። እሱም እንደ ሰፈሩ ሁሉ የሐሞት ጠጠር የወጣልኝ ነው የሚመስለው።

ለእማም እንዳትነግሪ። «ልጄን ለምን ቀደዷት» ትልና እንቅልፍ አይወስዳትም። ሐሞት ነው በያት። ዓይኗስ እንዴት ነው? ባለፈው ያዝ ያዝ ያደርጋታል ብለሽኝ ነበር።

እህትሽ ተናኜ


ቆላ፣ የካቲት 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታለም ተናኜ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፣ አንቺ ብቻ አታስቢ። ስድስተኛ ክፍል ላይ የተውኩት ጽሕፈቴ ካልተነበበልሽ ሳቂብኝና እለፊው። ስልክ ብደውል ይቀል ነበር፤ ግን ኔትወርኩ የሚገኘው ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥቶ ነው፣ እዚያ ደግሞ አገሩ ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቃል። የአንቺን ሆድ ነገር እዚያ ቆሜ ልጩኸው?

ስላልሽው ሁሉ ይቅርታ። እኔ በቅሎዋን ያነሣሁት ልወቅስሽ አይደለም፤ እማ ናት የጠየቀችኝ። «ተናኜ ያኔ ተሳቀባት፣ በዚያ ነው የቀረችው?» አለችኝ። አይደለም ብያታለሁ። «እንግዲያማ ተቀይማኛለች» አለች። ምን ልበላት? አንቺ ንገሪኝ።

አያ ይርሳውን ደግሜ ጠየቅኋቸው። ያቺ ዳማ አርጅታለች፤ አሁን የሚጭኑት ልጅ እግሯን ነው፣ ቦራዋን። እንዲህ አሉኝ፤ «ሥርጉት፣ እኔ ለተናኜ ክፉ አላስብም፤ አባቷ ጓደኛዬ ነበር። እስከ ኩንታል እሺ። ከኩንታል ካለፈች ግን ሚኒስትርም ብትሆን አላወጣትም።» እኔም «አራት ኪሎ ምን አላት አያ?» ብላቸው «አራት ኪሎ ቁልቁል አራት ናት፣ ሽቅብ ስትወጣ አርባ ትሆናለች» ብለው ጥለውኝ ሄዱ።

ልጅሽ ያምሮት የላከችው ፎቶሽ ደርሷል። እማ እጇ ላይ ይዛው ዋለች። በጣቷ ስትዳስሰው፣ ስትዳስሰው አምሽታ ትራሷ ሥር ከተተችው።

ማሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልካልሻለች፣ በዚህ ጊዜ ሁለት ማሰሮ ነው። «ልጄ ምግብ አልወርድ ብሏታል፣ ማር ግን ይወርድላታል፣ እየበረዘች ትጠጣ» ብላ የግራር አበባውን ለይታ ነው የቆረጠችው። ለኛ እንኳ አላስቀረችም፣ ልጆቼ ሲያለቅሱ ነው የዋሉት። ደግሞ የፊተኛው ማሰሮ ባዶው አልተመለሰም ትላለች፤ ላኪው።

ዝናቡ ሳይጥል ነይ። ወንዙ ከሞላ እስከ መስከረም መንገድ እንደሌለ ረስተሽዋል?

ታናሽሽ ሥርጉት


ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሥርጉት፣

እንዴት ናችሁ? ጾሙስ እንዴት ያዛችሁ? ሁለቱም ማሰሮ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። የልጆችሽን ለቅሶ ስትነግሪኝ አፈርኩ። ባዶዎቹን ዛሬ ልኬያለሁ፤ ውስጣቸው ያለው ለልጆቹ ደብተርና እርሳስ ነው፣ ባዶ ዕቃ እንዴት ይመለሳል?

«እስቲ ምን ያህል ብትበዪ ነው እንዲህ አልወርድ ያለሽ?» ብለሽ በአያ ይርሳው አፍ የላክሽብኝን ሰምቻለሁ። ደግሞ በሳቸው አፍ! እታለም፣ ሰውነቴን ሁሉ ነው ያናደድሽኝ። ምን ያህል እንደምበላ ልንገርሽ? ጠዋት ምንም። ጾም ነው። ከቅዳሴ በኋላ ከእንጀራ የልጅ እጅ የምታህል፣ ከሽሮ ሁለት ጊዜ ጠቅ። ማታ እንደዚያው። ሦስተኛውን ጉርሻ ከደገምኩ ደረቴ ላይ ይቆምና ላብ በላብ እሆናለሁ። ድመቴ ከኔ ትበልጣለች። ድመቴ ግን ወፍራም ናት አይባልም!

ሐኪሙ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ ብዪ ብለው ነበር። አባ ዘሚካኤልም የንስሐ አባቴ ሁሉን ስለሚያውቁ «ታማሚ ነሽ፣ ተፈቅዶልሻል፣ ብዪ» አሉኝ። እንዴት አድርጌ? በዐቢይ ጾም እንቁላል ስጠብስ ያቺን ጎረቤቴን አልጣሽን አጥሩን አልፎ አይሸታትም? እሷማ ካሁኑ ጀምራለች። ባለፈው ሱቄ መጥታ ክር የምትገዛ መስላ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እንዲያው ተናኜ፣ ሰው ለወሬ ነው እንጂ እኔስ አላምንም፤ ግን ምርመራ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። የምን ምርመራ እንደሆነ ገባሽ አይደል? «ሄጃለሁ፣ አንቺስ?» አልኳት። ተቀይማ ክሩን ጥላ ወጣች። ይኸውልሽ፤ ለአልጣሽ ከሳሁ፣ ለበቅሎዋ ወፈርኩ። ማንን ላስደስት?

በእግርሽ ሂጂ ተብያለሁ፣ እሄዳለሁ። በየጠዋቱ ከቤቴ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ደርሼ እመለሳለሁ። ባለጋሪዎቹ መጀመሪያ «እትዬ ይውጡ እንጂ» ይሉኝ ነበር፤ አሁን ለምደውኝ ሰላም ብለው ያልፋሉ። አንዱማ «ፈረሴ ከርስዎ ጋር መሽቀዳደም ለምዶ አላስቆም አለኝ» አለኝ። ጉልበቴ ያን ያህል አያመኝም፣ እውነቱን ልናገር። ግን ገነነ ጋ ስመለስ መቶ አራት። አንድ ቀን መቶ አራት ተኩል! ሚዛኑን በእርግጫ ልለው እግሬን አንሥቼ ገነነ ነው የያዘኝ። «ተይ፣ የኔን እንጀራ አትስበሪ» አለኝ። «ሚዛንህ ተበላሽቷል» ብለው የታሰረ ኩንታል በርበሬ አምጥቶ ጫነበት። ልክ ነው። የበርበሬው ልክ ነው፣ የኔ ነው የተበላሸው።

አንዳንድ ቀን ሱቅ ውስጥ እንዳለሁ ልቤ ድው ድው ይልብኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ይጨልምብኛል። ደም ማነስ ነው መሰለኝ። ያን ጊዜ የእማን ማር በርዤ አንድ ብርጭቆ ስጠጣ ቀና እላለሁ። እሷ ባትኖር ይኼን ጾም አልዘልቀውም ነበር። ሐኪሙም የሚጠጣ አብዢ ስላሉኝ እጠጣለሁ፤ ከቅዳሴ መልስ አንድ፣ ሱቅ ሁለት፣ ማታ አንድ። አንዱን በጠጣሁ ቁጥር እማ አጠገቤ ያለች ይመስለኛል።

አልተቀየምኳትም በያት። በደንብ አድርገሽ ንገሪያት። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ እዚያ ስሄድ መላ ይገኛል። ስለ ዓይኗ ጠይቄሽ ዘለልሽው። ለምን ዘለልሽው?

እህትሽ ተናኜ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2008 ዓ.ም.

ሥርጉት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ሰላምታውን ከዚህ በላይ አላረዝመውም፣ ይቅር በይኝ፣ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

ሌላው ማሰሮ ማር ደግሞ ደርሷል። አልከፈትኩትም። ለምን እንዳልከፈትኩት ልንገርሽ።

ሐኪሙ ጋ ገባሁ። ያምሮት አብራኝ ናት። መዘኑኝ፣ መቶ አራት። ወረቀታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ምን ትበያለሽ?» አሉ። ነገርኳቸው። «ከዚህ ሌላስ?» «ከዚህ ሌላ ምንም።» «ቆሎ? ዳቦ? ብስኩት?» «አልነካሁም።» በማርያም ምዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው፣ አንዳንዴ ሰውነት ብዙ ከቀነሰ በኋላ በራሱ ጊዜ ይቆማል፣ ይለምዳል፣ ተስፋ አትቁረጪ፣ በየቀኑ አትመዘኚ፣ ምናምን ይሉኛል። ልወጣ ስል ያቺ ልጄ ድንገት «እማ፣ ብርዙንስ?» አትልም!

«ብርዙ ምን ሆነ?» አልኳት። «ብርዝ ይጠጣል እንጂ ይበላል?»

ሐኪሙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡት። «ምን ያህል ትጠጫለሽ?» አሉኝ። በቀን አራት ብርጭቆ፣ ሲያዞረኝ አምስት። «ከመቼ ጀምሮ?» እናቴ መላክ ከጀመረች፣ ከታኅሣሥ። «ለምን አልነገርሽኝም?» «የሚበላውን ነዋ የጠየቁኝ!»

እንግዲህ ስሚ። ማር ምግብ ነው አሉኝ። ከምግብም ከባድ ምግብ። ትንሿ ጨጓራዬ እንጀራውን ታቆመዋለች፣ ብርዙን ግን አታቆመውም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። በቀን የምጠጣው ሦስት ሰው ከሚበላው እንጀራ ጋር ሊስተካከል ይችላል አሉ። ያ ልቤን የሚደልቀኝ፣ እጄን የሚያንቀጠቅጠኝም ደም ማነስ አይደለም፣ ማሩ ራሱ ነው፤ በአንድ ጊዜ ወደ አንጀቴ ሲወርድ ነው እንዲያ የሚያደርገኝ። እኔ ደግሞ ማሩ ሲያዞረኝ በማር ሳክመው ከረምኩ!

አራት ወር ሙሉ፣ እታለም። እንጀራ ሳልጠግብ፣ ሥጋ ሳላይ፣ ከፈረስ ጋር ስሽቀዳደም፣ በአልጣሽ ስታማ። እማን ለማየት ነው ይኼ ሁሉ። አላወርድ ያለኝ ደግሞ የእማ ማር ሆኖ ተገኘ። በአያ ይርሳው በቅሎ እየተጫነ እየመጣ፣ በአያ ይርሳው በቅሎ እንዳልጫን ያደርገኛል። ማንን ልቆጣ? ያምሮትን ሳልስማት ተሳፈርኩ። ከአዲስ አበባ እስከ ዓባይ በረሃ አለቀስኩ፣ ከዓባይ ወዲህ ተናደድኩ፣ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ራበኝ።

እንግዲህ ማሩን እንዳትልክ ለእማ ማን ይነግራታል? «ማርሽ አልጠቀመኝም» ይባላል? ሐሞት ነው ብለናታል፤ ሐሞት ማር ይከለክላል ብንላት ሌላ መድኃኒት ትልክልኛለች፣ ታውቂያታለሽ። ቅቤ ትልክልኛለች! ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። በቃ፣ ንገሪያት። ሆዴን መቀደዴን፣ ለምን እንደቀደድኩት፣ ሁሉንም። እኔ በደብዳቤ አልችልም፤ አንቺ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ በቀስታ አንብቢላት። ከተቀየመችኝ ግን አትደብቂኝ።

ስለ ዓይኗም አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። ካልመለስሽልኝ ያምሮትን በእግሯ ልኬ አስጠይቃለሁ።

ክረምት ሊገባ አንድ ወር ነው የቀረው። ሐኪሙ ታገሺ ይሉኛል። ወንዙ ይታገሣል?

ተናኜ


ቆላ፣ ግንቦት 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእታለም ተናኜ፣

እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽን ሦስት ቀን መቀነቴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አራተኛው ቀን ላይ ቀፎ ስር ተቀምጣ ሳለች አጠገቧ ቁጭ አልኩና ሁሉንም አነበብኩላት። አልዘለልኩም። የሬሳውን ቀልድ ሁሉ ከፊተኛው ደብዳቤሽ አምጥቼ አነበብኩላት።

ምንም አላለችም። እኔ ሞትኩ። ማታ እግሯን ሳጥባት «ሆዷን ካጠበቡትማ የኔ ማር ምን ሊሆን ኖሯል የገባው?» አለች። ከዚያ «ያንን ቃሬዛ የያዘው የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። እንጃ አልኳት። «ታውቂያለሽ» አለች። አውቃለሁ፣ ግን አልነገርኳትም፤ አሁን ሦስት ልጅ አለው፣ ለኛም አጨዳ የሚረዳን እሱ ነው።

ጠዋት ተነሥታ ላንቺ ያስቀመጠችውን ማር አወጣችና ለልጆቼ ሰጠቻቸው። ሲበሉ እያዳመጠች «ብሉ፣ ለተናኜ መርዝ ሆኖባታል» አለች። ሳቀች ወይ አለቀሰች ለይቼ አላወቅሁም። አልተቀየመችሽም። ተናድዳለች ግን፤ በራሷም፣ በኔም፣ በሐኪሙም። «መጠጡን ያልጠየቀ ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» አለች።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፤ እኔም የዋሸሁት አለ። ከጥምቀት ወዲህ እማ አታይም። በግራ ዓይኗ ጥላ ታያለች፣ ሌላው ጠፍቷል። «ያን ፎቶ ላየው እጓጓ ነበር፤ ምን መስላለች?» ብላኝ እኔ እየነገርኳት ነው በጣቷ የዳሰሰችው። ማሩንም ከቀፎው የቆረጠችው በጭንቅ፣ በእጇ እየዳበሰች ነው፤ ሁለት ጊዜ ነድፈዋታል። እንዳልጽፍልሽ ያስማለችኝ እሷ ናት። «ከሰማች በእግሯ ተነሥታ ትመጣለች፣ እገደሉ ላይ ትቀርብኛለች» ብላ ነው። ይቅር በይኝ። ሁለታችሁም በየአቅጣጫው አትንገሪ ብላችሁኝ እኔ መሀል ቤት ተቃጠልኩ።

ፈርታለች፣ እታለም። ሰው ሁሉ ከሳች ከሳች ሲል ሰምታለች። «በእጄ ሳልዳስሳት አላምንም» ትላለች።

አያ ይርሳው ለክረምቱ ጨው ሊያመጡ ግንቦት 27 ቡሬ ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም አይወጡም። ከመጣሽ ያንለት ነው።

ሥርጉት


ከቡሬ በታች፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ግንቦት 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሥርጉት፣

ይህን የምጽፍልሽ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ነው፤ ጽሕፈቱ ቢያምርም ባያምርም ፍቅሩን እዪልኝ። አያ ይርሳው ቆመው ይጠብቁኛል። «ሲደርሱ የሚነግሩትን ምን ያስጽፋቸዋል» እያሉ ያጉተመትማሉ። እኔ ግን በሳቸው አፍ አልልክም፤ ስንት ኪሎ እንደሆንኩ ለመንደሩ ሁሉ ነው የሚናገሩት።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አልጣሽን ጠርቼ ቁጭ አደረግኋት። ሆዴን ገልጬ ጠባሳውን አሳየኋት። ነገሩን ነገርኳት። አፏን ይዛ ቀረች፤ ከዚያ «አይ ተናኜ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ብዬ» አለችና አለቀሰች። ከዚያ «እንቁላል ነው ያሉሽ?» አለችና ከቤቷ አምስት ይዛ መጣች። የሱቁን ቁልፍ ለሷ ሰጥቻለሁ። ምን ይደረግ፣ ከሷ የተሻለ ጠባቂ የለም፤ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለው አያመልጣትም።

ማሩን ግን አስቀድመው፣ በግንቦት መባቻ አባ ዘሚካኤል ለማኅበራቸው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ነው። ባዶ ውሃ! ሁለት ሳምንት አንድ ግራም ሳይነቃነቅ ቆየ፣ ሐኪሙንም ማሩንም ረገምኩ። ከዚያ መቶ ሦስት። ከዚያ መቶ ሁለት። ዛሬ ጠዋት ገነነ ጋ መቶ አንድ። መቶ አንድ! አንድ ኪሎ! ሚዛኑ ላይ ቁጭ ብዬ ጮህኩ። ገነነ አሁን ሁሉንም ያውቃል፣ አልጣሽ ካወቀች ማን ይቀራል? «እንግዲህ ትቀሪያለሽ?» አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ቡሬ አያ ይርሳውን በርበሬ ተራ አገኘኋቸው። አላወቁኝም። እውነቴን ነው፣ «ደኅና ዋሉ እመቤቴ» ብለውኝ አለፉ። «አያ፣ ተናኜ ነኝ» ስላቸው ጨዋቸውን መሬት ላይ ጥለው ዞሩ። ዙሪያዬን ዞሩኝ እንደሚገዛ በሬ። ከዚያ ሳል አደረጉና «ይሁን፣ ደስ ብሎኛል፤ ግን ቃል ቃል ነው፣ ነይ» ብለው ወደ አንዱ ነጋዴ ሚዛን ወሰዱኝ። ገበያው ሁሉ እያየ ወጣሁ። መቶ አንድ።

«አንድ ይተርፋል» አሉ። ፊታቸው ተከፋ፣ ግን አሉ። እኔ እዚያው ልፈነዳ ነበር። ነጋዴው ከወዲያ ቀና ብሎ «አያ ይርሳው፣ ጆንያውን አልቀነሱም እኮ» አላቸው። «የምን ጆንያ?» «ከኔ በርበሬ ሲረከቡ የጆንያውን አንድ ኪሎ አልቀንስ ብል አንገቴን አልነበር የሚይዙኝ? የለበሰችው ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጫማ ምንድነው ታዲያ?» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አያ ይርሳው አሰቡ፣ አሰቡ። «ጆንያማ ይቀነሳል» አሉ። «ልክ ኩንታል ናት።»

ስድስት ዓመት በሰው ፊት ተስቆብኝ ከቀረሁበት፣ በሰው ፊት ተስቆልኝ ከሚዛኑ ወረድኩ።

አሁን ግን ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው። እዚህ አፋፍ ላይ ደርሰን አያ ይርሳው ልጓሙን ያዙና «ቁልቁለቱን እንደምታውቂው ማንም በእግሩ ነው፤ ቦራዋ የምታስፈልግሽ ለመውጫው ነው። ደመናው እንደምታዪው ነው፣ ወንዙ ሦስት ቀን ቢሰጠን ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አወጣሻለሁ፣ አለዚያ እስከ መስከረም እዚያው ተዘጋሽ» አሉኝ።

ሦስት ቀን። ስድስት ዓመት ቆይቼ ሦስት ቀን! ወደ ታች አየሁት። የናንተ ጭስ ይታየኛል፤ ወይ የናንተ ይመስለኛል። ይኼን ሁሉ ወር ያን ኩንታል ያሳደድኩት ለመመለሻው ነበር ለካ። እንዴት እንደምመለስ ስጨነቅ እንዳልሄድኩ አሁን ነው የታወቀኝ።

ስለዚህ እንዲህ ነው። አያ ይርሳው ጨውን ጭነው ይቅደሙ፣ ይህን ደብዳቤ ይስጡሽ። እኔ ከኋላ ቀስ እያልኩ በእግሬ እመጣለሁ። ሚስታቸው አብራኝ ናት፣ አትስጊ። ጉልበቴ ከሆስፒታሉ በር ደርሶ መልስ ለምዷል፤ ቢያመኝም እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። በሦስተኛው ቀን አልመለስም። ክረምቱን እዚያው ነኝ። ኪሎውም ከፈለገ ይውረድ፣ ካልፈለገ ቁሞ ይቅር፤ ሚዛን ከሌለበት አገር ገብቼ ልገላገለው። መስከረም ላይ ቦራዋ ካልቻለችኝ ያን ጊዜ አያ ይርሳውን ተጨቃጨቂያቸው።

ለእማ እንዳትነግሪያት። አይ፣ ንገሪያት። ትደነግጣለች። መጀመሪያ ዝም ብዬ እጄን ልሰጣትና ዳስሳ ታውቀኝ እንደሆን ላያት አስቤ ነበር፤ ከዚያ ፈራሁ። አርባ አንድ ኪሎ የሄደባት እጅ ናት፣ ባታውቀኝስ? ከበሩ ላይ «እማ» ብዬ ተጣርቼ ነው የምገባው።

የማሩን ማሰሮ ይዤዋለሁ፣ ጨው ሞልቼበታለሁ። እማ ስደርስ «ምን ትቅመስ» ብላ መባዘኗ አይቀርም። አንድ ነገር በያት፤ ከቀፎው እንድትርቅልኝ፣ ከጉድጓዱ ውሃ እንድታስቀዳልኝ። በገዛ እጇ ትስጠኝ፤ ሙሉ ብርጭቆ እጠጣላታለሁ።

መጣሁ።

ተናኜ